«መቼ ነው ገንፎ የምንበላው?» ለሚሉን ምን እንበል?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

አምድዎን ብዙ ጊዜ ከሥራ ስመለስ ባቡር ላይ አነባለሁ። ጽፌልዎት ግን አላውቅም። ዛሬ የጻፍኩት እናቴ ልትመጣ ስለሆነ ነው። መስከረም ሳያልቅ ከአዲስ አበባ ትገባለች፣ እስከ ገና እኛ ጋ ናት።

እኔ 38 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ 41። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት አለፈን፣ ልጅ የለንም። የለንም ስል አልሆነልንም ማለቴ አይደለም። አልፈለግንም። ሳንጋባም ተነጋግረንበታል፣ ከተጋባን በኋላም ስንት ጊዜ አንስተነዋል፣ መልሳችን ያው ነው። ሕመም የለብንም። ገንዘብም አይደለም። ልጅም አንጠላም፤ ሃሎዊን ሲደርስ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ቸኮሌት የሚገዛው የኔ ባል ነው፣ ደወል በተደወለ ቁጥር በር ለመክፈት እንሻማለን። ልጆቹ ሲሄዱና ቤቱ ጸጥ ሲል ግን «ምነው የኛ በሆኑ» የሚል ሐሳብ አይመጣብንም። ቢመጣ ኖሮ እነግርዎት ነበር።

እኔ መጸው የምወድ ሰው ነኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ስለማላገኝ ብላክ አይድ ሱዛን የሚባለውን የሜሪላንድ ቢጫ አበባ ከጓሮ ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ አደርጋለሁ፤ መሐሉ ጥቁር ነው እንጂ ከሩቅ ያታልላል። ደመራ በቤተ ክርስቲያናችን የመኪና ማቆሚያ ላይ ይለኮስና ጭስ ጭስ እየሸተትን ወደ ቤት እንመለሳለን። ኦክቶበር አጋማሽ አልፎ ቅጠሉ ሲቀላ ደግሞ ገና ሳይነጋ ተነስተን ቨርጂኒያ ወዳለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እንነዳለን። በፍሮንት ሮያል በኩል ገብተን ስካይላይን ድራይቭ ላይ እንወጣለን፤ 105 ማይል ሙሉ በተራራው አናት የሚሄድ መንገድ ነው፣ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም፣ እኛም የሚያስቸኩለን የለም። ቅመም ያለው ሻይ በፔርሙዝ፣ ቆሎ፣ ከትናንት የተረፈ ዳቦ። ባለቤቴ በየዓመቱ ያንኑ ነገር ያስረዳኛል፤ ቢጫው ቀለም ድሮም ቅጠሉ ውስጥ ነበረ፣ የሚታየው አረንጓዴው ሲጠፋ ነው፣ ቀዩን ግን ዛፉ በመጸው ነው አዲስ የሚሠራው። እኔም በየዓመቱ እንደ አዲስ «እውነት?» እላለሁ። ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ያቺን የተመለሰች አንድ ሰዓት ተኝተን እንጨርሳታለን፣ ከዚያ ቡና ስቆላ የጭሱ መጠቆሚያ ይጮሃል፣ እሱ በፎጣ እያራገበ ይስቃል። ሕይወታችን ይኸው ነው። ደስ ይለናል።

ጣጣው የሚመጣው በስልክ ነው። «ምን አዲስ ነገር አለ?» «መቼ ነው ገንፎ የምንበላው?» «ወልደሽ ሳሚ።» አንድ ቀን ባለቤቴ ሲሰለቸው ለእናቱ «እግዚአብሔር አልፈቀደም» አላቸው። ወሬውን ለመዝጋት ነበር። ለሱ ተዘጋ። ለኔ ተከፈተ። እኅቱ በሃይላንድ ጸበል ቀድታ በመንገደኛ ላከችልኝ። አንዷ አክስቱ ደግሞ «ወንድ ልጅ እኮ ጊዜ አያልፍበትም» ብላለች አሉ። ወሬው እናቴ ዘንድ ደረሰና እሷ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች፤ ልጅ ከሰጠኝ ሕፃኑን ይዤ እመጣለሁ፣ ክርስትናም እዚያው አስነሳዋለሁ ብላ። ለኔ አልነገረችኝም። የነገረችኝ እኅቴ ናት።

ልንገራት ወይስ ልተዋት? ባለቤቴ «ተያት፣ ተስፋዋን አትውሰጂባት» ይላል። እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደማስመስል አላውቅም። እና እውነቱን ይንገሩኝ፣ ራስ ወዳድ ነን?

የመጸው ወዳጅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

*

የመጸው ወዳጅ፣

ቶሎ ስለሚያልቅ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አይደላችሁም። እኔ ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፣ አንዱንም ለአገር አስቤ ወይም የሰው ዘር እንዳይጠፋ ብዬ አልወለድኩም። አማረኝ፣ ወለድኩ። እናንተን አላማራችሁም። ልጆቼን በምንም አልለውጣቸውም፤ ግን ጥቅምትን ያሳለፍኩት በየቅዳሜው ኳስ ሜዳ ዳር ብርድ እየመታኝ ነው፣ ስለዚህ ያን ፔርሙዝሽን ሳነብ ትንሽ ቀናሁ። ትንሽ።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩልሽም። ከደብዳቤሽ ግማሹ ክርክር ነው። ደስተኛ መሆንሽን ለማስመስከር አበባውን፣ ቅጠሉን፣ ቡናውን ሁሉ ጠራሽ። የወለደ ሰው ደስታህን አስመስክር ተብሎ ያውቃል? እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ያውም የማይደላኝ ዘመን ነበረ። አንድ ዓመት መጸው ይደብርሻል። ከባልሽ ጋር ተኳርፋችሁ ፍሮንት ሮያል ሳትደርሱ ትመለሳላችሁ። ያን ቀንም ልጅ ያለመፈለግ መብትሽ ያው ነው፣ ደስታው ሲጎድል አብሮ የሚጎድል ነገር አይደለም። እናትሽ ስትመጣም ቤቱን እንደ ኤግዚቢሽን አታሰናጂላት።

ወደ ውሸቱ እንምጣ። የኔ ቅሬታ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ባልሽ «እግዚአብሔር አልፈቀደም» ሲል እሱ ከጥያቄ ዳነ። አንቺ ግን በዚያች ቃል መካን ሆንሽ። በኛ ቤት ልጅ ከጠፋ መጀመሪያ የምትታየው ሴቷ ናት፤ «እስቲ ወንዱ ይመርመር» የሚል አክስት እስከዛሬ አላጋጠመኝም። ጸበሉ ለሱ አልተላከም፣ ለአንቺ ነው። «ጊዜ አያልፍበትም» የተባለውም በአንቺ ላይ ነው፣ ትርጉሙም ሌላ ያግባ ነው፣ አልተሳሳትሽም። እሱ ክፉ ሰው አይመስለኝም፣ በፎጣ ጭስ የሚያራግብ ባል ክፉ አይሆንም። ነገር ግን ሁለታችሁ የወሰናችሁትን ነገር ብቻሽን ተሸክመሽዋል፣ እሱም እስካሁን ይህን ያየ አይመስለኝም። ንገሪው።

ከአንቺ ቀጥሎ ደግሞ እናትሽ እየከፈለች ነው። ቁልቢን አንቺም ታውቂዋለሽ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሰው ከየአገሩ ይጎርፋል፣ ለስለቱ ሲል በእግሩ የሚጓዝ አለ፣ በስለት የተገኙ ሕፃናት ታቅፈው መጥተው እዚያው ክርስትና ይነሣሉ። እናትሽ ያን ቀን በልቧ ስታየው ነው የከረመችው። ዓመቱ ሲዞርና ምንም ሳይሰማ ሲቀር «ልጄ አልፈለገችም ይሆናል» አትልም፣ በምን ታውቃለች? «ጸሎቴ አልተሰማም» ነው የምትለው። ምናልባትም ቁጭ ብላ የራሷን ኃጢአት እየቆጠረች ይሆናል። ባልሽ ተስፋዋን አትውሰጂባት የሚለው ይህን ነው። እኔ እናት ብሆን፣ ነኝም፣ ልጄ ሳትፈልገው ለቀረችው ነገር በየሌሊቱ ስሰግድ ዝም ብላ ብታየኝ ነው የምቀየማት።

ስለዚህ ንገሪያት። ሰዓቱን ግን ምረጪ። ጽጌን የምትጾም ከሆነች ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 እመቤታችን ልጇን አቅፋ መሰደዷን እያሰበች ነው የምትከርመው፤ ከማኅሌት መልስ ሆዷ ባባበት ጠዋት ይህን አታምጪባት። ስካይላይን ድራይቭ ላይም አይሆንም፤ እናትሽ ስታዝን ተነስታ የምትወጣበት በር ያስፈልጋታል፣ በመኪናሽ ውስጥ ደግሞ የለም። ቤት ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ፣ በረካው ላይ፣ ባልሽ አጠገብሽ ተቀምጦ። ንግግርሽ አጭር ይሁን። «እማዬ፣ እኔ ጤነኛ ነኝ፣ እሱም ጤነኛ ነው። ላለመውለድ የወሰንነው ሁለታችን ነን። ስለት መግባትሽን ሰምቼ ነው የምነግርሽ።» ከዚያ ዝም በይ።

ምክንያት አትደርድሪ። ለእናት ምክንያት ከሰጠሽ ድርድር ከፈትሽ ማለት ነው። ወጪው ካልሽ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ትልሻለች። ሥራ ካልሽ «እኔ መጥቼ አሳድግልሻለሁ» ትልሻለች፣ እውነቷንም ነው፣ ትመጣለች! በሠርጋችሁ «የአብርሃምና የሳራ ያድርግላችሁ» ከተባላችሁም እሱን ጠቅሰሽ ሳራ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ ያለልጅ በትዳር ኖራለች ለማለት እንዳይዳዳሽ። «ታዲያ አብርሃም በ100 ዓመቱም አገኘ እኮ!» ብላ ታሸንፍሻለች።

«ይኼ የፈረንጅ አገር ነገር ነው» ማለቷም አይቀርም። ከፊል እውነት አላት። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2023 አሜሪካ ውስጥ ከ50 ዓመት በታች የሆኑና ያልወለዱ ሰዎችን ጠይቆ 47 በመቶው ወደፊትም የምንወልድ አይመስለንም ብለውታል። የኢትዮጵያው የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ እንደምትወልድ ሲያሳይ አዲስ አበባ ላይ ግን 1.8 ነው (ሁለቱም ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ጥቂት መውለድና ጭራሽ አለመውለድ አንድ አይደሉም። ቢሆንም እናትሽ የመጣችበት ከተማ ራሱ ድሮ የምታውቀው አይደለም፤ ጎረቤቶቿን ብትቆጥር እሷም ታየዋለች። ይህን ለራስሽ መጽናኛ ያዢው እንጂ አትከራከሪባት። ቁጥር ያሳመነው እናት የለም።

አንዱን ጥያቄዋን ግን በቁም ነገር መልሺላት። «ማን ይጦርሻል? ማን ይቀብርሻል?» ስትል ስድብ አይደለም፣ ፍርሃት ነው፣ ተገቢ ፍርሃትም ነው። ልጅ መውለድ ለዚህ ዋስትና አይሆንም፤ የኔ ሦስቱ በሦስት ስቴት ነው ያሉት፣ በመከራ ነው የሚገናኙት። ያልወለደ ሰው ግን ነገሩን በጊዜ ማሰብ አለበት፣ ስትታመሚ ሰው ሁሉ «ልጆቿ ይደርሳሉ» ብሎ የሚተውሽ አይነት አይደለሽማ። ኑዛዜ ጻፉ። ሁለታችሁም መናገር ባትችሉ ስለ ሕክምናችሁ ማን እንደሚወስን በጽሑፍ ውክልና ስጡ፣ የወንድም ልጅ ይሁን ጓደኛ፣ ሰውዬውንም አስቀድማችሁ ጠይቁት። በሕይወት ኢንሹራንሱና በፎር ኦ ዋን ኬው (በመሥሪያ ቤት በኩል በሚቆጠበው የጡረታ ገንዘብ) ላይ የማን ስም እንዳለ እዩ፤ ከማግባቱ በፊት የሞላው ወረቀት ላይ የእኅቱ ስም ተረስቶ የቀረበት ሰው ብዙ ነው። በመጸው ብዙ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ስለሚያስመርጥ ፎርሙ እጃችሁ ላይ እያለ ጨርሱት። ዕድር ካልገባችሁ ግቡ። ከዚያ ወረቀቱን ለእናትሽ አሳዪያት፣ እንግሊዝኛውን እያስረዳሽ። ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ እሱ ያስተኛታል።

ስለቱን ከንስሐ አባቷ ጋር ትጨርሰው። የሷ ነው፣ አንቺ አትግቢበት።

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ግን እሷ ከመምጣቷ ቀደም ብለሽ ባልሽን ለብቻው ጠይቂው። «አሁንም እንደዚያው ነህ?» በይው። «ተስፋዋን አትውሰጂባት» የሚለው ለእናትሽ አዝኖ ሊሆን ይችላል። የራሱን በር ገርበብ አድርጎ ትቶትም ሊሆን ይችላል። ከደብዳቤሽ ላይ ሆኜ ልለየው አልቻልኩም፣ አንቺ ግን ፊቱን እያየሽ ትለዪዋለሽ። አንቺ 38 ነሽ፣ ይህን ጥያቄ ለከርሞ የምታሳድሪበት ጊዜ አይደለም። እንደዚያው ነኝ ካለሽ ለእናቱ ይደውል፣ ራሱ። «እግዚአብሔር አልፈቀደም ያልኳችሁ ልክ አልነበረም፣ እኔም አልፈለግኩም» ይበላቸው፤ እኅቱም ትስማ፣ ያቺ አክስትም ትስማ። ያን ስልክ አንቺ አትደውዪለት። ሲያወራም ከጎኑ ቆመሽ ቃል አታቀብዪው።