«ስለሚያገኙ» ወይስ «ለማግኘት»?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ። «ታዳጊ አገሮች ወደ ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ ማኅበራት የሚገቡት ለምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ አንዳንዱ ተማሪ «ሰፊ ገበያ ስለሚያገኙ ነው»፣ ሌላው «ሰፊ ገበያ ለማግኘት ነው» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱንም እኩል ልቀበል?

መልስ፦ በሰዋስው ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚሉት ነገር ግን ይለያያል። «ለማግኘት» የሚነግረን የሚገቡበትን ዓላማ ብቻ ነው። «ስለሚያገኙ» ያለ ጸሐፊ ግን ማግኘታቸውን ራሱ እየመሰከረ ነው። «ለመዳን ጠበል ሄደ፤ አልዳነም» ቢባል ማንም ይረዳዋል። «ስለሚድን ጠበል ሄደ፤ አልዳነም» ሲባል ግን ጆሮ ይጎረብጠዋል።

ለእርስዎ ትምህርት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ኢትዮጵያ ኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) እ.ኤ.አ. በ1994 ሲመሠረት ጀምሮ አባል ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 ዘጠኝ አገሮች እርስ በርስ ያለ ቀረጥ የሚነግዱበትን ነፃ የንግድ ቀጣናውን ሲጀምሩ ግን አብራ አልገባችም፤ ለቀረጥ ገቢዋና ለአገር ውስጥ ፋብሪካዎቿ ሰግታ ነበር። እንግዲህ «ኢትዮጵያ ኮሜሳ የገባችው ቀረጥ ስለሚነሣላት ነው» ያለ ተማሪ የቋንቋ ሳይሆን የታሪክ ስሕተት ሠርቷል፤ ያሳሳተችው ግን «ስለ» ናት። ኬንያ በአንጻሩ ሻይዋን በዚሁ ቀጣና በኩል ያለ ቀረጥ ግብፅ ታስገባለች። ለእሷ «ስለምታገኝ» ቢባል ያስኬዳል።

ብራዚል፣ ሩሲያ፣ ሕንድና ቻይና የጀመሩት የአገሮች ስብስብ፣ ብሪክስም፣ እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ በጥር 2024 አባል ስትሆን «ከባንኩ ብድር ስለምታገኝ» የሚል ብዙ አነበብን። ይህ ባንክ፣ ማለትም የብሪክስ አገሮች ያቋቋሙትና ሻንጋይ ያለው አዲሱ የልማት ባንክ፣ ግን አባልነቱ ለብቻው ነው፤ ባንግላዴሽ የብሪክስ አባል ሳትሆን በ2021 የባንኩ አባል ሆናለች። ብሪክስ መግባት ብቻውን የባንኩ አባል አያደርግም።

ተማሪዎችዎ ያልጻፉት፣ እኔ ግን አብልጬ የምወደው ሦስተኛ አባባል አለ፦ «ሰፊ ገበያ እናገኛለን ብለው»። ተስፋው የአገሮቹ መሆኑን ይነግራል፤ ጸሐፊውን ምስክር አያደርገውም። ብቻቸውን ሲደራደሩ ሰሚ ያጡ አገሮች «ተባብረን እንሰማለን ብለው» ይገባሉ፤ መሰማት አለመሰማታቸው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ይህን የመሰለ አነጋገር እያለን ዜና ጸሐፊዎቻችን ሁሉንም በ«ስለ» መዝጋታቸው ያሳዝነኛል።

«ለማግኘት» ላለው ተማሪ ማርኩን ይስጡት። «ስለሚያገኙ» ያለውን የትኛው አገር፣ በየትኛው ሸቀጥ ብለው ይጠይቁት፤ ከጠቀሰ እሱም ሙሉ ማርክ ይገባዋል።