ዋናው ዳታቤዝ ወደ ኋላ ሲመለስ ስታንድባዩስ? ስለ ኦራክል ዳታ ጋርድ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ማታ የአፕሊኬሽን ማሻሻያ አለብን። ካልተሳካ ዋናውን ዳታቤዝ ወደ ቀድሞ ሁኔታው በሚመልሰው የኦራክል መሣሪያ፣ በፍላሽባክ፣ እመልሰዋለሁ። ስታንድባዩን፣ ማለትም በዳታ ጋርድ ዋናውን እየተከተለ የሚቆየውን ተጠባባቂ ቅጂ፣ እንደ አዲስ መገንባት ግድ ነው?

መልስ፦ አስቀድመው ከተዘጋጁ ግድ አይደለም። በሁለቱም ላይ ዋስትና ያለው ሪስቶር ፖይንት (ወደ እሱ መመለስ እንደሚቻል የተረጋገጠ የመመለሻ ነጥብ) ይፍጠሩ፤ መጀመሪያ በስታንድባዩ፣ ቀጥሎ በዋናው። በስታንድባዩ ላይ የሪዶ (ከዋናው የሚመጣው የለውጥ መዝገብ) ትግበራውን ያቁሙ፣ ነጥቡን ይፍጠሩ፣ ትግበራውን መልሰው ያስጀምሩ። በኦራክል 19ሲ ስሪት ከዋናው ወደ ስታንድባዩ በራሱ የሚተላለፈው ነጥብ ዋስትና የለውምና በእሱ አይተማመኑ።

ጥያቄ፦ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ምን ይመጣል?

መልስ፦ ያኔ ነው ጉዱ። ዋናው ኤስሲኤን በተባለው የለውጥ ተራ ቁጥር 5000 ላይ ተመልሶ በሪሴትሎግስ (የሪዶ መዝገቡን እንደ አዲስ በሚያስጀምር አከፋፈት) ተከፈተ እንበል፤ ታሪኩ ከዚያ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። እስከ 4990 ብቻ የደረሰ ስታንድባይ የጎደለውን ሪዶ ተቀብሎ ይከተላል። 5200 የደረሰው ግን ዋናው የተወውን ታሪክ ተሸክሟልና መከተል አይችልም፤ መመለስ አለበት። የስታንድባዩ ሪስቶር ፖይንት ከዋናው በኋላ ተፈጥሮ 5040 ላይ ከሆነ፣ ወደ እሱ ቢመለስም 40 ለውጥ ይተርፈዋል። የፍላሽባክ ሎጉ (ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያገለግለው መዝገብ) ከዚያ በታች ካልወረደ እንደገና ከመገንባት ሌላ መንገድ አይኖርም።

ጥያቄ፦ እስከ ስንት ልመልሰው?

መልስ፦ በዋናው ላይ ቪ ዶላር ዳታቤዝ ከተባለው እይታ የሪሴትሎግስ ቁጥሩን አንብበው 2 ይቀንሱ። 5002 ካለ ስታንድባዩን ወደ 5000 ይመልሱና ትግበራውን ያስጀምሩ። በ19ሲ ማውንት ላይ ያለ (ተነሥቶ ግን ለንባብ ያልተከፈተ) ስታንድባይ ይህን በራሱ ያደርጋል፤ እኔ ግን ቁጥሩን በዓይኔ ሳላይ አልተኛም።

ጥያቄ፦ ዋናውን አብዝቼ ብመልሰውስ?

መልስ፦ በሪሴትሎግስ እስካልከፈቱት ድረስ ይታረማል። መጀመሪያ ለንባብ ብቻ ይክፈቱትና የተበላሸውን ሠንጠረዥ ይዩት። አብዝተው መልሰውት ከሆነ በሪከቨሪ (ሪዶውን እንደገና በመተግበር) ወደ ፊት ይግፉት፤ አሳንሰው ከሆነ ጨምረው ይመልሱት። ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚዘለው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ የጠፋው አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

መልስ፦ ታዲያ ዋናውን ለምን ይነኩታል? በድሮፕ (ሠንጠረዡ ራሱ ተሰርዞ) ከሆነ ሪሳይክል ቢን በተባለው የተሰረዙ ሠንጠረዦች ማቆያ ውስጥ ይፈልጉት። በትራንኬት (ይዘቱ ብቻ ተጠርጎ) ከሆነ ግን እዚያ አያገኙትም። ስታንድባዩ ላይ ፍላሽባክ ከበራ እሱን ወደ ኋላ መልሰው ለንባብ ይክፈቱ፣ ሠንጠረዡን በዳታቤዝ ሊንክ ወደ ዋናው ይቅዱ፣ ከዚያ ትግበራውን ያስቀጥሉ። የሌላው ሰው የቀን ሥራ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ሪስቶር ፖይንቱን ሳላጠፋው ብረሳስ?

መልስ፦ የፍላሽባክ ሎጉ እየተከማቸ ለሪከቨሪ የተመደበውን የዲስክ ቦታ ይሞላል፤ ቦታው ሲያልቅ ዳታቤዙ ቀጥ ይላል። ማሻሻያው እንደጸደቀ በሁለቱም ላይ ያጥፉት።

ጥያቄ፦ እኛ የምንጠቀመው ፖስትግሬስ ነው።

መልስ፦ እዚያ ፍላሽባክ የለም። ዋናው ከቤዝ ባካፕ (ሙሉ የመጠባበቂያ ቅጂ) እና ከዋል ፋይሎች (የፖስትግሬስ የለውጥ መዝገብ) እስከሚፈለገው ሰዓት ይታደሳል፤ አዲስ ታይምላይንም (የታሪክ ቅርንጫፍ) ይጀምራል። ከዚያ ሰዓት አልፎ የሄደው ስታንድባይ ፒጂ ሪዋይንድ በተባለው መሣሪያ ይስተካከላል፤ ለዚህ ግን ዋል ሎግ ሂንትስ የተባለው ቅንብር ወይም የዳታ ቼክሰም (የዳታ ስህተት መፈተሻ) አስቀድሞ መብራት አለበት። ካልበራ ስታንድባዩን ከአዲሱ ዋና ላይ እንደገና ይቅዱት።