ከጂቡቲ ለሚመጡ አክስትና ልጆች፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ቀላል የእግር መንገድ

እህታችን፣ ዘግይቶ ለሚያነብ እንዲገባው ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። አክስትሽ 66 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ኑሯቸው ጂቡቲ ነው፤ ማታ ማታ በባሕሩ ዳር አንድ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ ለምደዋል። የ7 እና የ10 ዓመት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ለጥምቀት መጥተው አንድ ሳምንት ይቆያሉ። «ዳገት የማይበዛበት መንገድ የት ልውሰዳቸው?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ሁሉ እንጦጦ ብለዋል። እንጦጦ ጥሩ ነው፤ ግን በመጡ ማግስት አይሆንም፣ በእግርም መውጣት የለባቸውም።

እዚህ አገር መንገድ ቀላል ነው ከባድ ነው የሚያሰኘው ርዝመቱ ሳይሆን ከፍታው ነው። ጂቡቲ ያለችው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በባሕሩ ዳር 5 ኪሎ ሜትር ሳያርፉ የሚሄዱ ሰው እዚህ 500 ሜትር ሄደው ልባቸው ድው ድው ቢል አቅም ስላነሳቸው አይደለም። ሰውነት ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። የሳምንቱን ቅደም ተከተል በዚህ ወስኚው፦ መጀመሪያ ሰፈር፣ ቀጥሎ ቢሾፍቱ፣ እንጦጦ በመጨረሻ።

በመጡበት ቀንና በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ሜዳ መንገድ ላይ 20 ደቂቃ ይበቃል። ውሃ በብዛት ይጠጡ፤ ቡና ቢጠጡም ውሃውን እንዳይተኩበት።

በሦስተኛው ቀን ቢሾፍቱ ውሰጃቸው። ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታውም 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከከተማው ዝቅ ይላል፤ ትንፋሻቸው ወዲያው ይቀልላቸዋል። ውሃ ለለመደ ሰውም ዓይን የሚያሳርፍ ቦታ ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ ቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ይገኛል፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ባጃጅ አለ። የራስሽ መኪና ካለ በፍጥነት መንገዱ ሂጂ።

ቢሾፍቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሐይቁ ዳር እንውረድ» ብሎ ነው። እነ ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ከጠርዙ እስከ ውሃው ያለው ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። መውረዱ አጭር ይመስላል፤ የአክስትሽን ጉልበት የሚያሳምመው ግን እሱ ነው፣ ከዚያ ደግሞ መልሶ መውጣት አለ። መሄድ ያለባችሁ ከላይ፣ ጠርዙን ይዛችሁ ነው። በሆራ ጠርዝ ላይ የእግር መንገድ አለ። ዙሪያውን እንጨርስ አትበሉ፤ 30 ደቂቃ ሂዱና በመጣችሁበት ተመለሱ። የምትፈልጉትን እይታ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ታገኙታላችሁ። ብቻችሁን ከምትሆኑ ከአካባቢው አንድ ወጣት ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሐይቆቹን ዳርቻ ብዙ ቦታ ሆቴልና የግል ግቢ ይዞታል፤ ውሃውን በቅርብ ለማየት አንዱ ሆቴል በረንዳ ላይ ምሳ መብላቱ ከሁሉ ቀላሉ ነው።

ስለ ልጆቹ አንድ ነገር አደራ። በባሕር ዳርቻ ያደጉ ልጆች ውሃ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ይመስላቸዋል። እዚህ ግን ከዳር ጥቂት እርምጃ እንደገቡ ሊጠልቅ ይችላል፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቁ ቦታው ከ80 ሜትር በላይ ነው። ዋና ቢችሉም እንኳ ያለ ጠባቂ አይግቡ። ልጆቹ መሮጥ ካማራቸው ጨለለቃ ይሻላል፤ ጥልቀት የሌለው፣ ዳሩ ሜዳ የሆነ ውሃ ነው፣ በበጋ ከሩቅ አገር የሚሰደዱ ወፎች ያርፉበታል። ውሃው አንዳንድ ዓመት በጣም ይሸሻል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ባጃጅ ነጂውን ጠይቂው። ዝናብ ጥሎ ከነበረ ግን ተዉት። የዚያ አካባቢ አፈር ዋልካ ነው፤ ሲርስ ጫማ ላይ እየተደራረበ እያንዳንዱን እግር እንደ ድንጋይ ያከብደዋል።

አሁን እንጦጦ። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምለው ነገር አለ። «በመኪና ወጥተው በእግር ይውረዱ» የሚለው ምክር ለወጣት እንጂ ለእሳቸው አይሆንም። ዳገት ልብንና ሳንባን ያደክማል፤ የታመመ ጉልበት ጠላቱ ግን ቁልቁለት ነው፣ በየእርምጃው የሰውነት ክብደት የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። በመኪና ይውጡ፣ ከላይ ሜዳ ሜዳውን ይሂዱ፣ በመኪና ይውረዱ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ታክሲ አለ።

ማርያም ጋ ስትደርሱ ወዲያው አትነሡ፤ 15 ደቂቃ ተቀመጡ። ግቢው ውስጥ ሙዚየሙና የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አለ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በ1882 ዓ.ም. እዚያው ማርያም ነው። ልጆቹ ቤተ መንግሥት ሲባል ትልቅ ሕንፃ ይጠብቃሉ፣ የጭቃና የእንጨት ቤት ሲያዩ መጠየቃቸው አይቀርም። በሙዚየሙ የሚቆዩበት ጊዜ ለአክስትሽ ዕረፍት ይሆናል። ከዚያ ወደ ራጉኤል በሚወስደው የተራራው ጀርባ መንገድ ሂዱ፤ ብዙ ወጣ ገባ የለውም። ደርሶ መልስ፣ ዕረፍቱን ጨምሮ፣ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡለት። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም የተሠሩ መንገዶችና መቀመጫዎች ስላሉት ለልጆች ይመቻል።

ጫካ ውስጥ ከመንገዱ አትውጡ። የባሕር ዛፍ ደረቅ ቅጠልና ፍሬ በደረቅ ቁልቁለት ላይ እግር ሥር እየተንከባለለ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያለቀ ሸራ ጫማ ያደረገ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። ደግሞ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ሲመጡ መንገዱን ልቀቁላቸው፤ ስትለቁም ወደ ተራራው በኩል ተጠጉ እንጂ ወደ ገደሉ በኩል አትቁሙ። ሸክሙ ከትከሻቸው ግራና ቀኝ ይወጣል፣ ልጅን ገፍቶ ሊጥል ይችላል። እነሱም በዚያ ሸክም ቆመው እንደገና ለመነሣት ይቸገራሉ።

የእርምጃ መለኪያው ወሬ ነው። አክስትሽ እያወሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይቆርጡ መጨረስ ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ከቆረጡት ቁሙ። በየ15 ደቂቃው 3 ደቂቃ ዕረፍት ስጧቸው፣ እሳቸው ሳይጠይቁ፤ ትልቅ ሰው ልጆች ፊት ደክሞኛል ማለት አይወድም። ምርኩዝ ይያዙ፤ ርዝመቱ ሲቆሙ እስከ እጅ አንጓቸው የሚደርስ፣ ሲይዙት ክርናቸው በትንሹ ብቻ የሚታጠፍበት ይሁን፣ የሚይዙትም ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 1 ሊትር ውሃ፣ ሙዝና ቆሎ ይበቃል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መንገዳገድ ከመጣ «ትንሽ እንረፍ» ማለት አይበቃም፤ በመኪና ውረዱ። ዝቅ ብለውም ካልተሻላቸው ወይም ተቀምጠው ትንፋሽ ካጠራቸው በቀጥታ ሐኪም ቤት። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ሰዓቱን በተመለከተ የጂቡቲው ልማድ እዚህ አይሠራም። እዚያ ሙቀቱን ሽሽት ማታ ይወጣል፤ እዚህ በጥር ፀሐይ እንደገባች ብርዱ ይመጣል፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ሲመሽ ጅብ አለ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው ጥሩው። ጠዋት ሹራብ፣ 4 ሰዓት ላይ ኮፍያ፤ ከፍታ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ፊትና ከንፈር ያቃጥላል።

ሌሎቹን ባጭሩ። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጥላ አለው፣ ከእንጦጦ ጫፍም ዝቅ ይላል፤ አንድ ትርፍ ቀን ካላችሁ እሱን ምረጡ። መናገሻ ሱባ እጅግ ያማረ ጥንታዊ ጫካ ነው፣ ጽድና ዝግባው፣ ጉሬዛው፤ ግን ከሰበታ የሚያስገባው መንገድ ሻካራ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል፣ ቀኑንም ሙሉ ይበላል። የካ ዋሻ ሚካኤልን ለዚህ ጉዞ ተዪው፤ ዳገቱ ለእሳቸው አይሆንም። ከከተማው ስትወጡ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ቀን ጠዋት ከአካባቢው ሰው ጠይቁ፣ መታወቂያና ፓስፖርትም ያዙ።

ቀን ስትመርጪ ከጥር 10 ከሰዓት እስከ 12 ድረስ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደውን መንገድ እርሺው፤ ታቦታቱ ጃን ሜዳ ስለሚያድሩ ስድስት ኪሎ አካባቢ መኪና አያልፍም። ጥር 21 ደግሞ አስተርዮ ማርያም ናት፣ እንጦጦ ማርያም በሕዝብ ትሞላለች። ቆይታቸው እስከዚያ ከዘለቀና አክስትሽ ማንገሥ ከፈለጉ ያን ቀን ይሂዱ፤ ለእግር ጉዞ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይሁን።