«ነዋሪ» ማን ነው? ለወጣት ተደራዳሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ውልና ስምምነት በማርቀቅ ስለሆነ፣ ሕግና ዲፕሎማሲ ለምታጠኑት የምመክራችሁ ስለ ቃላት ነው። የመገንጠል ጥያቄ በድርድር እንዴት እንደሚፈታ ለመረዳት ከፈለጋችሁ፣ የሱዳንን ሁለት ስምምነቶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1972 እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው ነው። ለአሥራ ሰባት ዓመታት የዘለቀውን ጦርነት አስቁሞ ለደቡቡ የራሱን ክልላዊ መስተዳድር የሰጠ ሲሆን፣ ከብሔራዊው ምክር ቤት የሦስት አራተኛ፣ በደቡብ ከሚካሄድ ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልተገኘ በቀር እንዳይሻሻል ተደንግጎ ነበር። በወጣትነቴ ይህን አንቀጽ ሳነብ ከዚህ የጠበቀ ቁልፍ የለም ብዬ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ግን በ1983 ደቡቡን በአንድ አዋጅ ከሦስት ከፈሉት፤ ቁልፉን የሚጠብቅ አልነበረም።

ጦርነቱ እንደገና ተነሣ፤ ይህን ሁለተኛ ጦርነት ያስቆመው የ2005ቱ የካርቱም መንግሥትና የደቡብ አማፅያን ስምምነት የ1983ቱን ያስታወሰ ይመስለኛል። ደቡቡ በስድስቱ የሽግግር ዓመታት የራሱን ጦር ይዞ ቆየ፤ ከግዛቱ ከሚወጣው ነዳጅ ገቢ ግማሽ ያህሉ ተመደበለት፤ ደቡቡ ይገንጠል ወይስ አይገንጠል የሚለውን የሚወስነው ሕዝበ ውሳኔም ጊዜው አስቀድሞ ተቆረጠ። በጃንዋሪ 2011 ከመራጩ 98.83 በመቶው ነፃነትን ሲመርጥ ካርቱም ውጤቱን ተቀበለች።

ሰሜንና ደቡብ የሚወዛገቡበት የድንበር አካባቢ የሆነው አብዬ ላይ ስትደርሱ ግን ቆም በሉ። አካባቢው ከሰሜን ወይስ ከደቡብ እንደሚሆን ነዋሪዎቹ በዚያው ጊዜ በራሳቸው ሕዝበ ውሳኔ ሊመርጡ ነበር፤ የስምምነቱ አካል የሆነው የአብዬ ፕሮቶኮልም ነዋሪ የሚላቸው የንጎክ ዲንካ ማኅበረሰብ አባላትንና በአካባቢው የሚኖሩ ሌሎች ሱዳናውያንን ነው። በየበጋው ከብቱን እየነዳ ወደ ደቡብ የሚወርደው የሚሴሪያ አርብቶ አደርስ ይኖራል ይባላል ወይስ ያልፋል? መስፈርቱን ማውጣት ወደፊት ለሚቋቋም ኮሚሽን ተተወ፤ ኮሚሽኑ ሳይቋቋም፣ ድምፁም ሳይሰጥ ቀረ። ተደራዳሪዎቹን አልወቅስም። እኔም ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ሁሉም ሲደክመው፣ «ዝርዝሩ ወደፊት ይወሰናል» ብዬ የጻፍኩባቸው ጊዜያት አሉ፤ ያን ሰዓት ያችን ቃል ብትነኳት ስምምነቱ ሁሉ ሊፈርስ ይችላል። እናንተም እንዲህ መጻፍ ግድ ከሆነባችሁ፣ የሚወሰንበትን ቀንና ወገኖቹ ካልተስማሙ ማን እንደሚወስን ሳታሰፍሩ ከጠረጴዛው አትነሡ።

በሜይ 2011 የካርቱም ጦር አብዬ ከተማን ያዘ። በቀጣዩ ወር አዲስ አበባ ላይ ሌላ ስምምነት ተፈርሞ፣ እስከ 4,200 ወታደር እንዲሰማራ የጸጥታው ምክር ቤት ፈቀደ፤ «ነዋሪ» ማን እንደሆነ ባልተወሰነበት በዚያ ሜዳ ዘብ ሊቆሙ የሄዱትም የእኛው የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ።