የአይቲኤስ ዕቅድ እንዳያረጅ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

እዚህ አሜሪካ በትራፊክ ዕቅድ ሥራ ላይ ስላለሁ ስለ አይቲኤስ ብዙ ጠይቃችሁኛል። የምችለውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ አይቲኤስ ምንድን ነው? ዕቅድስ ለምን አስፈለገው?

የትራፊክ መብራቱን የሚያዘው ኮምፒውተር፣ የመንገድ ካሜራው፣ «ከፊት አደጋ አለ» የሚለው ሰሌዳ፣ አውቶቡሱ መቼ እንደሚደርስ የሚነግረን መረጃ፣ ይህ ሁሉ አይቲኤስ ነው። ዕቅዱ ደግሞ የትኛው መሥሪያ ቤት የትኛውን መረጃ ለማን እንደሚሰጥ የተስማሙበት ሰነድ ነው። ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በዋሽንግተን ዲሲ በኩል የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚገባ ሹፌር ሦስት አስተዳደር ያቋርጣል። መረጃው ግን ድንበር ላይ ከቆመ ሰውየው የተዘጋ መንገድ ውስጥ ሄዶ ይገባል።

ጥያቄ፦ ማደስ ግዴታ ነው ወይስ ምክር?

ግዴታ ነው። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፌዴራል ደንብ፣ ክፍል 940 የሚባለው፣ ዕቅዱን ማን እንደሚይዘውና እንዴት እንደሚታደስ አሠራር እንዲወጣ ያዛል። በየስንት ዓመቱ እንደሚታደስ ግን ቁጥር አላስቀመጠም፤ የአካባቢው ፍላጎት ሲለወጥ ነው የሚለው። ብዙዎች በየ4 ወይም በየ5 ዓመቱ ከሚታደሰው የረጅም ጊዜ የትራንስፖርት ዕቅድ ጋር አብረው ያድሱታል። እኔ ግን እስከዚያ ባይጠበቅ እላለሁ። አንድ ፕሮጀክት ሲያልቅ በዚያው ሳምንት ይመዝገብ።

ጥያቄ፦ 4 ዓመት ያን ያህል ረጅም ነው እንዴ?

በጣም! ተሽከርካሪዎች እርስ በርስና ከመንገዱ ጋር እንዲነጋገሩ በ1999 (እ.ኤ.አ.) 75 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ተመድቦ ነበር። ብዙ ዕቅዶች ዲኤስአርሲ የሚባለውን ሬዲዮ ይዘው ተጻፉ። በ2020 የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 45ቱን ለዋይፋይና ለመሰል አገልግሎቶች ሰጠ። ለትራንስፖርት 30 ብቻ ቀረ፤ እሱም ሲ-ቪ2ኤክስ ለሚባል ሌላ ቴክኖሎጂ። በ2022 ደግሞ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች 3ጂን ዘጉ። በ3ጂ ሞደም መረጃ የሚልክ መሣሪያ ሁሉ መቀየር ነበረበት። የትኛው ሰሌዳ በምን እንደሚገናኝ በዕቅዱ ላይ በትክክል የጻፈ ቢሮ ቀድሞ ተዘጋጀ። ያልጻፈው እየዞረ መቁጠር ነበረበት።

ጥያቄ፦ ማን ይያዘው?

በሥራ መደቡ ላይ የተጻፈለት አንድ ሰው። እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምናገረው። አንድ ጊዜ የተረከብኩት ዕቅድ ውስጥ ስማቸው የተቀየረ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። የሠራው አማካሪ ከሄደ ቆይቷል፤ ዋናውን ፋይል ለማግኘት ሳምንታት ፈጀብኝ። ፋይሉ የት እንዳለ፣ ለውጥ በማን በኩል እንደሚቀርብና ማን እንደሚያጸድቅ አንድ ገጽ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜ መማር እችላለሁ?

አዎ፣ ወንድሜ። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ያዘጋጀው አርክ-አይቲ የተባለው የአይቲኤስ ዕቅድ ማዕቀፍና ዕቅዱ የሚሠራበት ራድ-አይቲ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛሉ። በአንድ አደባባይ ጀምር። መብራቱን፣ ትራፊክ ፖሊሱንና አውቶቡሱን አስቀምጥና ማን ለማን ምን እንደሚነግር በመስመር አገናኝ።