የኤልኢዲ ቴትሪስ፦ ስትሪፑን አትጣዪው፣ ኃይል አንሶት ነው

ሰላም እህቴ። ከሐረር የጻፍሽውን አየሁት። ስትሪፕ (ኤልኢዲ የሚባሉ ትንንሽ መብራቶች የተደረደሩበት ጥብጣብ) ላይ ያሉ 200 ኤልኢዲዎችን 10 በ20 ደርድረሽ ቴትሪስን፣ ያንን የሚወርዱ ሳጥኖችን የመደርደር ጨዋታ፣ እየሠራሽ ነው። ነጭ ስታበሪው ላይኛው ረድፍ ደህና ነው፣ ታችኛው ግን ወደ ቢጫና ቀይ ይሄዳል። «ስትሪፑ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሻል። አልተበላሸም። እኔም ድሬ ላይ ይህንኑ ስሠራ እዚሁ ጋ ነው የተያዝኩት።

ሒሳቡን እይው። ደብሊውኤስ2812ቢ፣ ማለትም ስትሪፑ ላይ ያለው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በአንድ የያዘ ኤልኢዲ፣ ሙሉ ነጭ ሲበራ አንዱ እስከ 60 ሚሊአምፒር ይስባል። 200ው 12 አምፒር ማለት ነው። ያንቺ የስልክ ቻርጀር 2 አምፒር ነው። በዚያ ላይ የስትሪፑ መዳብ ስስ ስለሆነ 5 ቮልቱ ጫፍ እስኪደርስ ይወርዳል። ሰማያዊውና አረንጓዴው ከቀዩ የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋሉ፤ ቀድመው ይደክማሉ። ቀዩ ብቻውን ይቀራል።

እኔ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ ባለ 5 ቮልት፣ 10 አምፒር ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ። ከስትሪፑ መጀመሪያ፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ወፈር ባለ ሽቦ አስገባሁት። ብርሃኑን ደግሞ በኮዱ ወደ ሩብ አወረድኩ። ማታ በረንዳ ላይ ሩቡም ዓይን ይወጋል። የቴትሪስ ፈጣሪ ፓጂትኖቭ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ሞስኮ ላይ ጨዋታውን ሲፈጥር እኮ ሳጥኖቹ ቀለም አልነበራቸውም፤ በቅንፍ ምልክት ነበር የሚታዩት። የሰፈራችን ልጆች ደብዘዝ ባለው ብርሃን እስከ እኩለ ሌሊት ተጫውተውበታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የአርዱይኖውን (ኮዱ የሚሠራበትን ትንሽ ሰሌዳ) ግራውንድ፣ ማለትም ኔጌቲቩን፣ ከፓወር ሰፕላዩ ግራውንድ ጋር ሳታገናኚ እንዳታበሪ። እኔ ቸኩዬ አበራሁት፤ የመጀመሪያው ኤልኢዲ ተቃጠለ። ዳታው (ከአርዱይኖው የሚመጣው የቀለም ትእዛዝ) በሱ በኩል ስለሚያልፍ 199ኙም አብረው ጠፉ። ክው ነው ያልኩት! ደግነቱ የሞተውን ቆርጬ ዳታውን ሁለተኛው ላይ ስበይደው ሁሉም ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ዳታው ላይ 470 ኦም ሬዚስተር፣ ኃይሉ መግቢያ ላይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሳላደርግ አልነካም።

ኮዱ አያስጨንቅሽ። ስትሪፑ አንዱን ረድፍ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፣ በየሁለተኛው ረድፍ የኤልኢዲዎቹን ቁጥር ቅደም ተከተል መገልበጥ ብቻ ነው። በየኤልኢዲው መሃል የካርቶን ግድግዳ አቁሚ፤ ከላይ ነጭ ወረቀት። የስትሪፑ ማጣበቂያ እኛ ጋ በሙቀቱ እየለቀቀ አስቸግሮኛል፤ ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ላይለቅብሽ ይችላል።

አሁን ሁሉንም አብርተሽ መጨረሻው ኤልኢዲ ላይ ቮልቱን በመልቲሜትር ለኪ። ስንት እንዳለ ጻፊልኝ፤ ሽቦው የት የት መግባት እንዳለበት አብረን እናያለን።