የአሜሪካ ሴዳን ለምን ከገበያ ወጣ? ከአንድ የታክሲ መካኒክ ጋር የተደረገ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ የምታቀርቡ ሁሉ አስቀድማችሁ ይህን አንብቡ። በሰሜን ቨርጂኒያ ለ26 ዓመታት የታክሲና የሊሙዚን መኪኖችን ስጠግን የኖርኩ መካኒክ ነኝ። የምመልሰው ስለ አሜሪካ ሴዳኖች፣ ማለትም ከኋላ የዕቃ ሳጥን ስላላቸው ዝቅ ያሉ የቤት መኪኖች፣ እና ስለ አምራቾቻቸው ብቻ ነው፤ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ሻጭ ድርድር አትጠይቁኝ። ስለ ራሳችሁ መኪና የምትጠይቁ ከሆነ ሞዴሉን፣ ዓመቱን፣ የሞተሩን መጠንና የተነዳበትን ማይል ጻፉ። “የካምቢዮ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም” የተባላችሁ ደግሞ የተነገራችሁ ስህተት መሆኑን ዕወቁ፤ በየ50 ሺህ ማይሉ አስቀይሩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፎርድ በአንድ ወቅት በመላው አሜሪካ አንደኛ የሆነ ሴዳን እየሸጠ ኖሮ እንዴት ከነጭራሹ ሊተወው ቻለ? ሕዝቡ ሴዳን ስለጠላ ነው የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ ቢያንስ ነገሩ የተጀመረው ከዚያ አይደለም። ፎርድ ሙስታንግን ብቻ አስቀርቶ የቤት መኪኖቹን በሰሜን አሜሪካ መሸጥ እንደሚያቆም ያሳወቀው በሚያዝያ 2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ነው፤ ፎከስ በዚያው ዓመት፣ ቶረስ በ2019፣ ፊውዥን በ2020 ተራ በተራ ቆሙ። በሽታው ግን ከዚያ 20 ዓመት በፊት የገባ ነው፤ ለዚህም ከቶረስ የተሻለ ምስክር የለም። ቶረስ በ1985 መጨረሻ ለገበያ ሲቀርብ መንገዱን የሞሉት መኪኖች አራት ማዕዘን ሳጥን ይመስሉ ስለነበር ክብ ቅርጹን ያየ ሁሉ ዞሮ ይመለከተው ነበር፤ ከ1992 እስከ 1996 ድረስም በአሜሪካ በብዛት የተሸጠ የቤት መኪና እርሱ ነበር። በ1996 ሞዴል ላይ ዲዛይነሮቹ ሁሉንም ነገር እንቁላል ካላደረግን አሉ፤ የኋላው መስታወት እንቁላል፣ የሬዲዮው ሰሌዳ ሳይቀር እንቁላል ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የቶዮታው ካምሪ አንደኛነቱን ወሰደ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን እንቁላሉ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። ፎርድ መኪናውን አሻሽሎ ገዢውን በመመለስ ፈንታ ቶረስን በገፍ ለመኪና አከራዮች በቅናሽ መሸጥ ቀጠለ። አከራዩ ዓመት ያህል ከሠራበት በኋላ መኪናውን ወደ ጨረታ ይመልሰዋል፤ ጨረታው በአንድ ዓይነት መኪና ሲጥለቀለቅ ያገለገለው ዋጋ ይወድቃል፤ አዲሱን በሙሉ ዋጋ የገዛው የቤተሰብ አባወራ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊሸጥ ሲወጣ ገንዘቡ ተንኖ ያገኘዋል። ያ ሰው ቀጥሎ ምን ይገዛል? ካምሪ ይገዛል። ከዚያ አምራቹ “ሕዝቡ ሴዳናችንን አልፈለገም” ይላል። በጥቅምት 2006 የመጨረሻው ቶረስ የወጣው በአትላንታ አቅራቢያ ሄፕቪል ከነበረው ፋብሪካ ነው፤ አትላንታ ያላችሁ፣ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ዛሬ የፖርሽ የሰሜን አሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤት የቆመው በዚያ ፋብሪካ ቦታ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ፎርድን ለመምራት የመጣው አለን ሙላሊ ይህን የመሰለ የታወቀ ስም እንዴት ይጣላል ብሎ ፋይቭ ሀንድረድ የተባለውን መኪና በ2008 ሞዴል ቶረስ አሰኘው። ስም መመለስ ግን ገዢ መመለስ አይደለም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ውሃ ይቀንሳል፤ ከታች ግን ምንም አይንጠባጠብም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የትኛው መኪና? የየትኛው ዓመት? ማሳሰቢያውን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ አንድ አምራች በሴዳን ከሚያተርፈው ይልቅ በኤስ ዩ ቪ (ጣሪያው ከፍ ባለው መኪና) የሚያተርፈው ለምን ይበልጣል? ብረቱም ጎማውም ያው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ብረቱ ያውማ ነው፤ ትርፉ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ፊውዥንና ከ2015 ጀምሮ የተሠራው ኤጅ በአንድ መሠረት ላይ የተሠሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ ጣሪያው ከፍ ያለው ኤጅ ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ጨምሮ ይሸጥ ነበር። ሕጉም ያግዛል። በ1975 ከወጣው የነዳጅ ቁጠባ ሕግ ጀምሮ “ቀላል የጭነት መኪና” የሚለው ምድብ ከቤት መኪና የላላ መመዘኛ ስላለው ብዙው ኤስ ዩ ቪ በዚያ ምድብ እንዲመዘገብ ተደርጎ ይሠራል። ፒክአፕን በተመለከተ ደግሞ ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገባው ላይ 25 በመቶ ቀረጥ አለ፤ መነሻው አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ የጣሉት ቀረጥ ነበር፤ የዶሮው ጠብ ተረስቶ የፒክአፑ ቀረጥ ዛሬም አለ። የዲትሮይት ሰዎች፣ ማለትም የአሜሪካ አምራቾች፣ ከባዕድ ተፎካካሪ የተከለለ ጓሮ ስላገኙ ምርጥ መሐንዲሶቻቸውን ወደዚያ አዛወሩ፤ ሴዳን በተረፈው በጀት እንዲኖር ተፈረደበት።

አስተያየት (ከዳላስ)፦ ይቅርታ ይደረግልኝና ካምሪን ባዕድ ማለት ልክ አይመስለኝም። ከ1988 ጀምሮ በኬንታኪ ጆርጅታውን ይሠራል። የሆንዳው አኮርድ ደግሞ በ1982 በኦሃዮ ሜሪስቪል መገጣጠም ጀምሯል።

አስተያየት (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ገንዘቡ መጨረሻ የሚገባው ጃፓን ነው። እንጀራ በቴክሳስ ስለተጋገረ የቴክሳስ ምግብ ይባላል?

አስተያየት (ከዳላስ)፦ ታዲያ ፊውዥን የተሠራው በሜክሲኮ ኤርሞሲዮ ነው፤ ክራይስለር 300ም በካናዳ ብራምፕተን ነበር የሚሠራው። በእርስዎ ሚዛን የኬንታኪው ሠራተኛ ባዕድ፣ የሜክሲኮው ደግሞ አሜሪካዊ ሊሆን ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። የዳላሱ ወንድማችን የጠቀሰው ሁሉ ትክክል ነው፤ ለዛሬው ጥያቄ ግን የሚያስፈልገን ውሳኔው የተወሰነበት ክፍል የት እንደሆነ ነው፤ የፎርድ በዲርቦርን፣ የጂ ኤም (ጄኔራል ሞተርስ) በዲትሮይት ነው። ስለ እንጀራው በሌላ ቀን ተከራከሩ።

ጥያቄ፦ 2019 ሼቭሮሌ ማሊቡ፣ 1.5 ቱርቦ፣ 71 ሺህ ማይል ለኡበር ልገዛ ነው። ይመክሩኛል?

መልስ፦ በሥርዓቱ የተጠየቀ ጥያቄ ነው፤ እናመሰግናለን። በ2019 ይህ ሞተር ከስድስት ማርሹ አውቶማቲክ ተለይቶ ከሲ ቪ ቲ (የተለየ ማርሽ ከሌለው) ካምቢዮ ጋር ስለተገጠመ፣ የካምቢዮው ዘይት የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ ዋጋ አስቀንሰው ወዲያው ያስቀይሩ። ማሊቡ ራሱ በኅዳር 2024 ቆሟል፤ መለዋወጫው ግን ገና ለብዙ ዓመት አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ያንኑ ማሊቡ ሠርቼበት ሲበቃኝ አዲስ አበባ ብልከውስ?

መልስ፦ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል እንዲገባ አትፈቅድም።

ጥያቄ፦ ቴስላ ሞዴል 3ስ? እርሱም እኮ የአሜሪካ ሴዳን ነው።

መልስ፦ ነው። ስለ ባትሪ ግን የምነግርዎ ነገር የለኝም።

ጥያቄ፦ ፎርድ ለምንድን ነው ሴዳን ማምረት ያቆመው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ መልሱም በዚሁ ገጽ ላይ አለ። ከታች ጀምራችሁ አታንብቡ።

ጥያቄ፦ የቀድሞ የዲሲ ታክሲ ነጂ ነኝ። የፎርድን ክራውን ቪክቶሪያ ነድቼ ሦስት ልጆች አስተምሬበታለሁ። እንደዚያ ያለ መኪና ዳግመኛ ያልተሠራው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ያ መኪና በ1979 ሞዴል በወጣው ፓንተር በተባለው መሠረት ላይ የተሠራ ሲሆን፣ እንደ ጭነት መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲና 4.6 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ሞተር ያለው፣ በኋላ ጎማው የሚነዳ ነበር። ከመንገድ ጠርዝ ጋር ተላትሞ የመጣን መኪና በዚያው ቀን አስተካክለን ወደ ሥራ እንመልሰው ነበር። ከፖሊስ ጨረታ የሚገዙት በሾፌሩ በር አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ የፍለጋ መብራቱ ተነቅሎ የቀረ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ቀዳዳ ነበራቸው፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው በሾፌሩ ግራ ጉልበት ላይ ይንጠባጠባል፤ እኔም በጎማ ክዳን እደፍነው ነበር። አንድ ደንበኛዬ 400 ሺህ ማይል ያለፈ መኪና አምጥቶ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ዘይቱ እንደ ወይን ጠጅ ቀይ ሆኖ ወጣ። ምክንያቱን ገምቱ፤ ያለማቋረጥ ያስቀይር ስለነበር ነው። የመጨረሻው ክራውን ቪክቶሪያ በመስከረም 2011 ኦንታሪዮ ውስጥ ከሴንት ቶማስ ፋብሪካ ወጣ፤ ፋብሪካውም በዚያው ተዘጋ።

አስተያየት (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ ቅድም ቶረስን የገደለው በጅምላ ለአከራይ መሸጡ ነው ብለውናል። ክራውን ቪክቶሪያም ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ለፖሊስ፣ ለታክሲና ለመሰል ድርጅቶች ብቻ ነበር የሚሸጠው። አንዱን ኮንነው ሌላውን እንዴት ያመሰግናሉ?

መልስ፦ ታክሲ ነጂ መኪናውን በዓመቱ አይመልስም፤ እስኪሞት ይነዳዋል፤ ልዩነቱ ይህ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን አልክድም። ፎርድ ለፓንተር ለዓመታት ይህ ነው የሚባል አዲስ ገንዘብ ሳያወጣበት ከነበረው እያለበ ኖረ፤ አዲስ የደኅንነትና የነዳጅ መመዘኛ ሲመጣ ለማሻሻል ከማውጣት መዝጋቱ ረከሰበት። መኪናውን ስለምወድ ይህን መናገር ደስ አይለኝም።

ጥያቄ፦ ቅድም ስለ ውሃ መቀነስ የጠየቅኩ ነኝ። ሊንከን ታውን ካር፣ 2000፣ 4.6፣ 163 ሺህ ማይል ነው። ጠዋት ሲነሳ ይንተከተካል፤ ጣፋጭ ሽታም አለው።

መልስ፦ አሁን እንነጋገር። በሞተሩ አናት ላይ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው የፕላስቲክ ማኒፎልድ በፊት ለፊት በኩል፣ ውሃው በሚሻገርበት ቦታ ይሰነጠቃል፤ የእነዚያ ዓመታት 4.6 ሞተር የታወቀ በሽታው ነው። ውሃው በሞተሩ ሸለቆ ውስጥ ስለሚጠራቀም መሬት ላይ አይታይም፤ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ጠዋት ያንተከትከዋል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከዳይናሞው ሥር በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ የደረቀ ዝቃጭ ካዩ እርሱ ነው። ማጣበቂያ እንዳይቀቡበት፤ የውሃው መሻገሪያ አሉሚኒየም የሆነውን አዲሱን ማኒፎልድ ይግዙ። መካኒክዎ ቡሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር በቅደም ተከተል፣ በመለኪያ ቁልፍ ያጥብቅ። ቴርሞስታቱንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ቦታው ከተከፈተ ተጨማሪ ሥራ የለውም። እስከዚያ ድረስ ሙቀት መለኪያው ከመሐል ካለፈ ሞተሩን ያጥፉ፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከተጣመመ ወጪው ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል።